ጫማው ይቀያየራል፣ እግሩ ግን የኛ ነው

የናይኪ የብቻ ንግሥና ላልቷል። ለውጡ በልደታ የእግረኛ መንገድም በበርሊን ማራቶንም ይታያል። የኢትዮጵያ ጫማ ሠሪ ከዚህ ምን ያተርፋል?

ጠዋት ወደ ሥራ በሚወጣበት ሰዓት ልደታ ባቡር ጣቢያ ሥር ቆሞ፣ ከደረጃው የሚወርደውን ሰው ከጉልበት በታች ብቻ የተመለከተ የአዲስ አበባን ምርጫ ያነባል። ወደ ፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት የሚጣደፉት ጠበቆች እንደ ወትሮው የቆዳ ጫማ አድርገዋል። ወደ ተግባረ ዕድ የሚያመራው ተማሪ፣ ከኮንዶሚኒየሙ የሚወጣው ወጣት፣ የደንብ ልብሷን የለበሰችው የባንክ ሠራተኛ ግን በስኒከር ነው የሚሄዱት። ነጩ ኤር ፎርስ አሁንም አለ፤ ጆርዳንም አለ። አጠገባቸው ግን የአዲዳስ ሳምባ ሦስት መስመር፣ ኒው ባላንስ፣ ወፍራም ሶል ያላቸው አዳዲስ የሩጫ ጫማዎችና ምንም ምልክት የሌላቸው ስኒከሮች ተሰልፈዋል። ከጥቂት ዓመታት በፊት የናይኪ ጭረት የሌለበት ስኒከር እንደ ጎደሎ ይታይ ነበር። ዛሬ ጭረቱ ከብዙ ምልክቶች አንዱ ሆኗል።

የሊስትሮዎቹም ሥራ አብሮ ተቀይሯል። ከጥቁርና ከቡናማው ቀለም አጠገብ የሳሙና ውኃና የጥርስ ብሩሽ ተቀምጧል። ቀለም የማይቀባው ስኒከር ይታጠባል፤ ማሰሪያው ወጥቶ ለብቻው ይታሻል፤ የጎማው ጠርዝ እስኪነጣ ይፈገፈጋል። ባለቤቱ ነጠላ ጫማ ተውሶ በርጩማው ላይ ይጠብቃል። ሰው ለጫማው እንዲህ የሚጠነቀቅበት ከተማ ላይ ስለ ናይኪ መድከም መጠየቅ የሀብታም አገር ወሬ መቃረም አይደለም። ጥያቄው የእኛን ሯጮች፣ የእኛን ነጋዴዎችና የእኛን ጫማ ሠሪዎች ይነካል።

ትልቁ ኩባንያ ምን ገጠመው?

ሰኔ 21 ቀን 2016 ዓ.ም. የናይኪ የአክሲዮን ዋጋ በኒው ዮርክ ገበያ በአንድ ቀን 20 በመቶ ያህል ወደቀ። ኩባንያው አክሲዮኑን ለሕዝብ መሸጥ ከጀመረበት እ.ኤ.አ. 1980 ወዲህ እንዲህ ያለ ቀን አላየም። በግንቦት ወር በሚዘጋው የሒሳብ ዓመቱ እ.ኤ.አ. በ2024 51.4 ቢሊዮን ዶላር የነበረው ገቢው በቀጣዩ ዓመት ወደ 46.3 ቢሊዮን ዝቅ አለ። አሥር በመቶ ያህል መሆኑ ነው።

ምክንያቶቹ ከተጠቃሚው ስሜት ይልቅ ከኩባንያው ውሳኔዎች ይመነጫሉ። እ.ኤ.አ. በጥር 2020 የመሪነቱን ቦታ የያዙት ጆን ዶናሆ ከቴክኖሎጂው ዓለም የመጡ ሰው ነበሩ። በእርሳቸው ዘመን ናይኪ ቀድሞ የጀመረውን መንገድ አጠነከረው፤ ከብዙ ቸርቻሪ ሱቆች ጋር የነበረውን ውል እያቋረጠ በራሱ መተግበሪያና በራሱ መደብሮች ለመሸጥ ወሰነ። ወረርሽኙ ሰውን ቤት ባዋለበት ጊዜ ውሳኔው ትክክል መሰለ። ሱቆች ሲከፈቱ ግን ናይኪ ለቆት የሄደውን መደርደሪያ ሌሎች ይዘውት ነበር። የሩጫ ጫማ ሠሪዎቹ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 በፈረንሳይ የተወለደው ሆካና በ2010 በዙሪክ የተመሠረተው ኦን፣ ገዢውን እዚያው ሱቅ ውስጥ፣ ጫማውን አስሮ በሚሞክርበት ቦታ አገኙት።

ሌላው ስሕተት በአሮጌ ድል ላይ መተኛት ነው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣውን ኤር ፎርስ ዋን፣ በ1985 የወጡትን ጆርዳን ዋንና ደንክ በየቀለሙ እየደጋገመ አወጣ። ጥቂት ጥንድ ብቻ ሲኖር የሚያጓጓው ደንክ በየሱቁ ሲበዛ ተራ ሆነ። ያ ሁሉ ጉልበት ወደ ጥንቶቹ ሞዴሎች ሲሄድ፣ ናይኪ የተወለደበት የሩጫ ጫማ ትኩረት አጣ። ዕለት ዕለት የሚሮጠው ሰው የሚፈልገውን ትራስና ምቾት ከሌላ ሰጪ መቀበል ለመደ።

ይሁን እንጂ ናይኪ ወድቋል ማለት ከእውነት መራቅ ነው። አዲዳስ እ.ኤ.አ. በ2024 ያስገባው 23.7 ቢሊዮን ዩሮ ከናይኪ ገቢ ግማሹን ትንሽ ቢያልፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 በተለማማጅነት ገብተው በ2020 ጡረታ የወጡት ኤሊዮት ሂል ጥቅምት 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመልሰው መሪ ሲሆኑ የመጀመሪያ ሥራቸው ወደ ስፖርቱና ወደ ቸርቻሪዎቹ መመለስ ነበር። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2025 በተዘጋው ሩብ ዓመት የሩጫ ምርቶች ሽያጭ 20 በመቶ ማደጉን ኩባንያው አስታውቋል። ናይኪ ያጣው ትልቅነቱን አይደለም። ያጣው ሰው ስኒከር ሲያስብ ያለ ውድድር የሚመጣለት መልስ መሆኑን ነው።

ምልክቱ ከባለቤቱ ሲለይ

በልደታና ከልደታ እስከ መርካቶ ባለው መንገድ የሚሸጠው ናይኪ በአብዛኛው በኩባንያው እጅ አላለፈም። መንገዱ ብዙ ነው። አንዱ ከዱባይ፣ ከጓንጁ ወይም ከኢስታንቡል በመንገደኛ ሻንጣ ይመጣል። ሌላው በቦንዳ ታስሮ የገባ ልባሽ ነው። ዘመድ ከአሜሪካ የላከው አለ። ከሁሉ የሚበዛው ግን ኮፒው ነው፤ እሱም በደረጃ ተከፍሎ ይሸጣል። በቴሌግራም ቻናሎች ፎቶው ይለቀቃል፣ ቁጥሩ ይጻፋል፣ ሞተረኛ ያደርሳል።

የሱቁ ንግግር የታወቀ ነው። ገዢው ጫማውን ገልብጦ፣ ሶሉን ጫን ጫን አድርጎ፣ «ኦርጅናል ነው፣ ወንድሜ?» ይላል። ሻጩ ምላሱን ገልጦ ከውስጥ የተለጠፈውን ጽሑፍ እያሳየ «ቬትናም ነው» ብሎ ይመልሳል። መልሱ ከንቱ አይደለም። ከናይኪ ጫማዎች ግማሽ ያህሉ በእርግጥ የሚመረቱት በቬትናም ነው፤ ቀሪው በአብዛኛው ከኢንዶኔዥያና ከቻይና ይወጣል። ችግሩ ኮፒ ሠሪውም ይህን ማወቁ ነው፤ ስለዚህ የአገሩን ስም አብሮ ያትማል። ገዢው በመጨረሻ የሚተማመነው በጽሑፉ ሳይሆን በስፌቱ፣ በማጣበቂያው ሽታና በሻጩ ፊት ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪውን በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በዶላር የተገዛ ማንኛውም ጫማ ከብዙ ሰው ደመወዝ አቅም ይበልጥ ራቀ። እውነተኛው ናይኪ የጥቂቶች ሲሆን ኮፒው የሁሉም ሆነ። በዚህ መሐል ምልክቱ የሚናገረው ነገር አነሰ። ጭረቱ በአስተማሪውም በተማሪውም፣ በደላላውም በጎረምሳውም እግር ላይ ካለ፣ «ይህ ሰው ያውቃል፣ ይህ ሰው ይችላል» ብሎ መመስከሩን ያቆማል። ልዩ መሆን የሚፈልግ ወጣት ወደ ሌላ ምልክት ይሄዳል ወይም ምልክት የሌለበትን ይመርጣል። በአሜሪካ ናይኪ ራሱ ደንክን አብዝቶ ያደረገውን፣ በአዲስ አበባ ኮፒው አደረገለት።

የንግድ ምልክትን የሚጠብቅ ሕግ በአገራችን አለ፤ የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 ነው። ሕጉ የሚጠብቀው የውጭውን ኩባንያ ብቻ አይደለም። ነገ የራሱን ስም በጫማ ላይ የሚያትመው የአገር ውስጥ አምራችም ከኮፒ የሚከላከልለት ይኸው አዋጅ ነው። አዋጁ በገበያ ላይ ሲላላ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጎዳው ገና ስም ያላወጣው አምራች ነው፤ ናይኪ ኪሳራውን ይችለዋል፣ ጀማሪ ግን አይችለውም።

ከሞንዛ እስከ በርሊን

በሩጫው ሜዳ ላይ ያለው ታሪክ ከዚህ ይበልጥ የኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ናይኪ ማራቶንን ከሁለት ሰዓት በታች የማስሮጥ ሙከራውን በጣሊያን ሞንዛ የመኪና መወዳደሪያ ላይ ሲያደርግ፣ ከኤሊዩድ ኪፕቾጌና ከዘርሰናይ ታደሰ ጋር የቆመው ሦስተኛ ሰው ኢትዮጵያዊው ሌሊሳ ዴሲሳ ነበር። የዚያ ቀን ጫማ ሩጫን የለወጠው የቬፐርፍላይ ቤተሰብ ነው። ሥራው ሲገለጽ ቀላል ነው። በጣም ቀላልና ተመላሽ የሆነ አረፋ ሯጩ ሲረግጥ ይጨመቃል፤ እግሩን ሲያነሣ ደግሞ የተቀበለውን ጉልበት አብዛኛውን ይመልሳል። በአረፋው ውስጥ የተቀበረው የካርቦን ሳህን ጫማው እንዳይወላገድ ይደግፋል። በናይኪ ድጋፍ በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የተደረገው ጥናት በአማካይ 4 በመቶ የጉልበት ቁጠባ አሳየ። ቀነኒሳ በቀለም እ.ኤ.አ. በ2019 በርሊን ላይ በዚያ ቤተሰብ ጫማ 2:01:41 ገባ፤ ከዓለም ክብረ ወሰን በሁለት ሰከንድ ብቻ ዘገየ።

እ.ኤ.አ. በጥር 2020 የዓለም አትሌቲክስ ወሰን አበጀ። የመንገድ ውድድር ጫማ ሶል ከ40 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ፣ ከአንድ ሳህን በላይ እንዳይኖረው ተደነገገ። ሕጉ የናይኪን ጥቅም አላጠፋም፤ ሌሎች የሚደርሱበትን መስመር ግን አሰመረ። የሕጉን ጥብቅነት በራሱ ላይ ያየው ኢትዮጵያዊው ደራራ ሁሪሳ ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2021 የቪየናን ማራቶን አንደኛ ሆኖ ጨረሰ። ብዙም ሳይቆይ ያደረገው የአዲዳስ ጫማ ሶል 5 ሳንቲ ሜትር መሆኑ ተረጋገጠና ድሉ ተሰረዘ። አንድ ሳንቲ ሜትር የአንድን ማራቶን ድካም ወሰደበት።

መስከረም 13 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ ትዕግሥት አሰፋ በርሊን ላይ 2:11:53 ሮጣ የሴቶችን የዓለም ክብረ ወሰን ከሁለት ደቂቃ በላይ አሻሻለች። በሪዮ ኦሊምፒክ በ800 ሜትር የተወዳደረች አትሌት ናት። እግሯ ላይ የነበረው 138 ግራም የሚመዝን፣ 500 ዶላር የሚሸጥ የአዲዳስ ጫማ ነበር። ጫማዋን ከፍ አድርጋ ይዛ የታየችበት ፎቶ ዓለምን ዞረ። በዚያው ዓመት ማብቂያ ላይ ታምራት ቶላ በተጎዳው ሲሳይ ለማ ምትክ ገብቶ በፓሪስ ኦሊምፒክ በ2:06:26 ወርቅ ሲወስድ በአዲዳስ ነበር። ትዕግሥትና ታምራት ሁለቱም የአሠልጣኝ ገመዱ ደደፎ ሯጮች ናቸው። በዚያው ኦሊምፒክ ትዕግሥትን በሦስት ሰከንድ የቀደመቻት በአዳማ የተወለደችው ሲፋን ሐሰን የናይኪ አትሌት ናት። ናይኪ ከመድረኩ አልወረደም፤ መድረኩ ላይ ግን ብቻውን አይቆምም።

ይህ ለውጥ በእንጦጦና በሱሉልታ የሥልጠና መንገዶች ላይም ይታያል። ኮንትራት ያለው አትሌት ከኩባንያው የሚላክለትን ጫማ ያደርጋል፤ ጫማው ሲያረጅ ወይም ሲተርፍ ለታናሹ ያስተላልፈዋል። ስለዚህ ኮንትራት የሌለው ወጣት እግር ላይ ያለው ምልክት የታላላቆቹን ኮንትራት ይከተላል። ታላላቆቹ ከናይኪ ወደ ሌላ ሲሻገሩ፣ ወጣቱ ስለ ጫማ የሚያውቀው ነገርም አብሮ ይሻገራል።

በየማዞሪያው የነበረ እግር

ከዚህ ሁሉ ጀርባ ያለውን ታሪክ ወደ ኋላ ሄዶ ማየት ይገባል። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ አበበ ቢቂላ የቀረቡለት ጫማዎች ስላልተመቹት በሮም ጎዳናዎች ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ በ2:15:16 አሸነፈ። በቀጣዩ ዓመት ለማይኒቺ ማራቶን ወደ ጃፓን ሲሄድ፣ የኮቤው ጫማ ሠሪ ኪሃቺሮ ኦኒትሱካ የእርሳቸውን ጫማ እንዲያደርግ አሳመኑት። አበበም አድርጎ ሮጦ አሸነፈ። በኋላ አሲክስ የተባለው ኩባንያ መሥራች እርሳቸው ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ1962 ፊል ናይት የተባለ ወጣት አሜሪካዊ ያንኑ የኦኒትሱካን ኩባንያ ጎበኘ። የጃፓንን የሩጫ ጫማ በአሜሪካ የመሸጥ ፈቃድ ለመነ። በ1964 ከአሠልጣኙ ከቢል ባወርማን ጋር እያንዳንዳቸው 500 ዶላር አዋጥተው ብሉ ሪበን ስፖርትስን መሠረቱ። ኩባንያው ናይኪ የሚለውን ስምና ጭረቱን የያዘው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው፤ ጭረቱን ለሣለችው ተማሪ ካሮሊን ዴቪድሰን የከፈለው 35 ዶላር ነበር። ናይኪ የሰው ጫማ አስመጥቶ የሚሸጥ ነጋዴ ሆኖ ጀመረ፤ ከዚያ የራሱን መሥራት ተማረ።

አሁን ተራው የቻይና ነው። አንታ እ.ኤ.አ. በ1991 በፉጂያን ግዛት ጂንጂያንግ የተቋቋመ ኩባንያ ነው። አካባቢው ለሌሎች ምልክቶች በመስፋት የታወቀ ነበር። ዛሬ ቀነኒሳ በቀለ የአንታ አትሌት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2024 በለንደን ማራቶን በ2:04:15 ሁለተኛ ሲወጣ ያደረገው የቻይናውን ጫማ ነው። የመርካቶ ገዢ «የቻይና ነው» ብሎ አሽቀንጥሮ ይጥለው የነበረ ጫማ ዛሬ የዓለም ታላላቅ ማራቶኖች መነሻ መስመር ላይ ቆሟል።

ሰንሰለቱን አንድ ላይ ሲያዩት ግልጽ ነው። የጃፓኑ ጫማ ስም ሲያወጣ የአበበ እግር ነበር። ናይኪ የሁለት ሰዓቱን ድንበር ሲፈትን የሌሊሳ እግር ነበር። አዲዳስ ሲመለስ የትዕግሥት ነበር። ቻይና ስትነሣ የቀነኒሳ ነው። ምልክቶቹ በተፈራረቁበት ማዞሪያ ሁሉ የኢትዮጵያ እግር ተገኝቷል፤ የኢትዮጵያ እጅ ግን አልነበረም። ልቤን የሚቆረቁረው ይህ ነው።

ዳርማር፣ ሸራ ተራ፣ ዱከም

እጁ ስለሌለን አይደለም። ከልደታ ወደ ሰሜን በሚሄደው የባቡር መስመር ቀጣዩ ጣቢያ ዳርማር ይባላል። ስሙን ያገኘው በአካባቢው ከነበረው፣ አርመኖች ካቋቋሙት የጫማ ፋብሪካ ነው። ከአብዮቱ በኋላ በመንግሥት የተወረሰው ዳርማር የዛሬው አንበሳ ጫማ ነው። ወላጆቻችን ለትምህርት ቤት፣ ለወታደር ቤትና ለበዓል ያደረጉት ጫማ በዚህ ዙሪያ በኢትዮጵያውያን እጅ ተሰፍቷል። ዳርማር ያዳበረው እውቀት ወደ መርካቶው የጫማ ሠሪዎች ሰፈር፣ ወደ ሸራ ተራ፣ ዘልቋል ብሎ ለመናገር የሚያስደፍር ቅርበት አለ፤ ሁለቱ ቦታዎች በእግር የሚደረስባቸው ናቸው።

ሸራ ተራ በ1990ዎቹ ዓ.ም. ከባድ ፈተና ገጠመው። ርካሽ የቻይና ጫማ ገበያውን ሲያጥለቀልቅ፣ ተመራማሪው ተገኘ ገብረእግዚአብሔር በ96 አምራቾች ላይ ያደረጉት ጥናት፣ 28 በመቶው ለኪሳራ መዳረጋቸውን፣ 32 በመቶው ሥራቸውን መቀነሳቸውን አሳየ። ነገር ግን ታሪኩ እዚያ አላበቃም። የቀሩት አምራቾች ዲዛይናቸውን አሻሻሉ፤ ማጣበቂያና ሶል መረጡ፤ የተሻለ ቆዳ ያዙ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ገዢው የቻይናው ጫማ ቶሎ እንደሚፈታ አይቶ ወደ አገር ውስጡ የቆዳ ጫማ ተመለሰ። ሸራ ተራ የተረፈው ገዢው ስላዘነለት ሳይሆን ጫማው ስለበረታ ነው።

ቀጥሎ የመጣው ዕድል በዱከም ነበር። የቻይናው ሁዋጂያን እ.ኤ.አ. በ2012 በምሥራቅ ኢንዱስትሪ ዞን ጫማ ለውጭ ገበያ መሥራት ጀመረ፤ ብዙ ወጣት ሴቶች የፋብሪካ ስፌትን እዚያ ተማሩ። ሆኖም የተሠራው ጫማ የሚወጣው በሌላ ሰው ስም ነበር፤ ዋናው መተማመኛም ከቀረጥ ነፃው የአሜሪካ ገበያ ነበር። እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ ኢትዮጵያ ያንን ዕድል ከሚሰጠው ከአጎዋ ስትሰረዝ በሌላ ሰው ስም መስፋት ምን ያህል ሥር የሌለው እንደሆነ ታየ። በተቃራኒው ቤተልሔም ጥላሁን በዘነበወርቅ ሰፈር የጀመረችው ሶል ሬብልስ ከአሮጌ ጎማ ሶል የሚሠራውን የበረባሶን ጥበብ ይዞ፣ በራሱ ስም ወደ ውጭ ገበያ ወጣ። መጠኑ ትንሽ ቢሆንም ያሳየው ነገር ትልቅ ነው።

ምን ይደረግ?

የቆዳ ጫማ ማወቅ ስኒከር ማወቅ አይደለም። ስኒከር የሚፈልገው በሻጋታ የሚነፋ አረፋ፣ በማሽን የሚሸመን የላይኛ ልባስ፣ በሙቀት የሚጨመቅ ጎማ ነው። ይህ ሁሉ ዛሬ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ነው። ስለዚህ የ138 ግራሙን የውድድር ጫማ ነገ በመርካቶ እንሠራለን ማለት ሕዝብን ማታለል ይሆናል።

የሚቻለው ግን ትንሽ አይደለም። ሯጭ ውድድር የሚያደርገው በዓመት ጥቂት ጊዜ ነው፤ ልምምድ ግን በየቀኑ ያደርጋል። የእንጦጦ ጠጠርና የክረምት ጭቃ የማያሸንፈው፣ ሶሉ የማይፈታ የልምምድ ጫማ የሚፈልግ ሰው በሺዎች አለ። ፈታሾቹም እዚሁ ናቸው፤ የዓለም ኩባንያዎች በገንዘብ የሚፈልጓቸው እግሮች ከሸራ ተራ ብዙም አይርቁም። ኬንያውያን እ.ኤ.አ. በ2016 ኤንዳ በሚል ስም የራሳቸውን የሩጫ ጫማ ሲጀምሩ የመጀመሪያውን ሞዴል በሯጮች ከተማቸው በኢተን ጠሩት። የራሷ የሯጮች ከተማ በቆጂ ያላት አገር ይህን ማድረግ አይሳናትም።

ለዚህ ሦስት አካላት መገናኘት አለባቸው። ሩጫን የሚያውቁት አሠልጣኞችና አትሌቶች፣ ስፌትን የሚያውቁት የሸራ ተራ ሰዎች፣ ማሽንና ብድር ማቅረብ የሚችሉት ባንኮችና የኢንዱስትሪ መሥሪያ ቤቶች ዛሬ ለየብቻ ነው ያሉት። ከኮንትራት ገንዘባቸው ሕንፃ የሚሠሩት ስመ ጥር አትሌቶቻችን ከዚያ ጥቂቱን በጫማ ላይ ቢያውሉ፣ ኦኒትሱካ በአበበ ያገኘውን ምስክርነት ለራሳቸው ይሰጡ ነበር።

ናይኪ ማራኪነቱን እያጣ ነው ወይ ለሚለው ጥያቄ መልሴ ይህ ነው። የብቻ ማራኪነቱን አጥቷል፤ መልሶ ሊያገኘው ቢጥርም ገበያው እንደ ድሮው በአንድ ምልክት አይታሰርም። እንዲህ ያለ ክፍተት ቀድሞም ተከፍቶ ያውቃል። ጃፓን፣ አሜሪካና ቻይና በተራቸው ገብተውበታል፤ ሦስቱም ሲገቡ ሰው የሚንቃቸው ጀማሪዎች ነበሩ። ሸራ ተራም አንድ ጊዜ የተናቀበትን ገበያ በጥራት አስመልሷል። አሁን የሚቀረው ያንን ጥራት በራሱ ስም በሯጮቻችን እግር ላይ ማዋል ነው፤ ሥራውም የሚጀመረው ሌላ ኩባንያ ክፍተቱን ከመዝጋቱ በፊት ነው።